ስለ ድሮ ዘፈኖቼ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክራር እጫወታለሁ፣ እዘፍናለሁ፣ ዘፈኖቼን የማወጣው በራሴ ወጪ ነው። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። መድረክ ላይ በወጣሁ ወይም አዲስ ነጠላ ዜማ በለቀቅኩ ቁጥር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። የሚገርመው፣ አብዛኞቹ ስለ አዲሱ ሳይሆን ስለ ድሮዎቹ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ስመልስ ከምውል አንድ ላይ ጻፍኳቸው። ጥያቄዎቹን በተቻለ መጠን እንደመጡ ትቻቸዋለሁ።

የራስሽን ዘፈን ትሰሚያለሽ?

እሰማለሁ። "ካወጣሁት በኋላ ሰምቼው አላውቅም" የሚሉ ሙዚቀኞች አሉ። አላምናቸውም።

ቁጭ ብዬ፣ አስቤበት የምሰማው ግን አልፎ አልፎ ነው። ያኔም የስቱዲዮ ስፒከር አልከፍትም። ስልኬን ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ አቆመውና ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማለሁ። አብዛኛው ሰው ዘፈኔን የሚሰማው እንደዚያ ነው፤ ሌላ ነገር እየሠራ። ጥሩ ስፒከር ፊት ስቀመጥ ጆሮዬ ዘፈኑን ይተውና እንከን መልቀም ይጀምራል። ትንፋሽ እዚህ ጋ ተሰማ፣ ቤዙ እዚያ ጋ ዘገየ። ሽንኩርት ስከትፍ ይሄ ሁሉ አይሰማኝም። አዝማቹ ሲመጣ ሳላስበው ካንጎራጎርኩ፣ ዘፈኑ ደህና ነው።

ታክሲ ውስጥ ድንገት መስማት ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ቀን ከመገናኛ ወደ ቤት ስሄድ ሬዲዮው የኔን ዘፈን አመጣ። ኩራት ቢጤ ሊሰማኝ ሲጀምር ሾፌሩ አዝማቹ ሳይደርስ ጣቢያ ቀየረ። ኳስ ነበር። ማንም አልተቃወመም፤ እኔም ጭምር።

"በግል ነው የምሠራው" ስትይ ምን ማለትሽ ነው?

ስቱዲዮውን፣ አቀናባሪውን፣ ሚክሲንጉን (ለየብቻ የተቀዱትን ድምፆች ማዋሃዱን)፣ ክሊፑን የምከፍለው እኔ ነኝ። የተቀዳው ድምፅ ባለቤትም፣ ማስተር የምንለው ማለቴ ነው፣ እኔው ነኝ። ፕሮዲዩሰር ወይም አሳታሚ ድርጅት መሃል ላይ የለም።

ነገሩ አዲስ ግኝት እንዳይመስላችሁ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎቻቸውን የያዘውን የመጀመሪያ ሸክላቸውን እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ሀገር ነው ያሳተሙት፤ የሸክላዎቻቸውን ገቢም ለችግረኞች ነበር ያሰቡት። አምሃ እሸቴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን ሲጀምር ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረ ወጣት ነው። በጊዜው ሸክላ የማሳተም ፈቃድ የነበረው የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። አምሃ "የመጣው ይምጣ" ብሎ አሳተመ። ዛሬ "ወርቃማው ዘመን" እያልን የምናወራለት ሙዚቃ አንድ ትልቅ ክፍል በዚያ ድፍረት የተረፈልን ነው። አምሃ አሳታሚ እንጂ ዘፋኝ አልነበረም፣ ግን "ማንን አስፈቅጄ?" የሚለው ጥያቄ ያው ነው።

በግል ማለት ብቻዬን ማለት እንዳልሆነ ግን ልብ በሉልኝ። የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖቼ ላይ ማሲንቆ የተጫወተው ልጅ ባይኖር ዛሬ የምትጠይቁኝ ነገር አይኖርም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ድምፅ ለምን ቀጭን ሆነ?

ጆሮ ያላቸው ሰዎች ናቸው ይሄን የሚጠይቁት። ሁለት ምክንያት አለው።

አንደኛው ክፍሉ ነው። የተቀዳው መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን፣ ማይኩን ልብስ የሞላ ቁም ሳጥን ፊት አቆምን። ልብስ የሞላ ቁም ሳጥን ድምፅ ይውጣል፤ ነፃ ስለሆነ ዛሬም ለጀማሪ እመክራለሁ። ችግሩ፣ ብርድ ልብስ የሚውጠው ከፍ ያለውን ቀጭን ድምፅ ነው። ወፍራሙ አይበገርለትም፣ ክፍሉ ውስጥ ሲያጉረመርም ይቆያል። ያንን ጉርምርምታ ለማጽዳት ሚክሲንግ ላይ ታችኛው ድምፅ ይቆረጣል። ሲቆረጥ ዘፈኑ ይቀጥናል።

ሁለተኛው የጊዜው ፋሽን ነው። ያኔ ሁሉም ሰው ከጎረቤቱ ዘፈን የሚጮህ ማስተር ይፈልግ ነበር። ዘፈኑን ጨፍልቀው ጨፍልቀው ያስጮሁታል። አሁን ስፖቲፋይ ሁሉንም ዘፈን ወደ ማይነስ 14 ሉፍስ (የጩኸት መለኪያ ነው) አካባቢ ያመጣዋል፤ ዩቲዩብም በጣም የሚጮኸውን ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ተጨፍልቆ የጮኸ ዘፈን እዚያ ሲደርስ ጩኸቱን ይቀሙታል፣ መጨፍለቁ ግን ይቀርለታል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁለተኛው ዘፈን መጨረሻ ላይ ከሩቅ የሚሰማው "ልዩ ኢፌክት" አይደለም። ቆራሌው ነው። በሰፈሩ ሲያልፍ ማይኩ ያዘው። አቀናባሪው ሊቆርጠው ነበር፣ ይቆይ አልኩት። እስከዛሬ ከዘፈኑ ሁሉ እሱን ለይተው የሚወዱ ሰዎች አሉ።

ታዲያ ለምን እንደገና አትሠሪያቸውም?

በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

መጀመሪያ፣ "እንደገና መሥራት" የምንለው ነገር አንድ ሥራ አይደለም። ያለቀውን ሚክስ ወስዶ ማስተሩን፣ ማለትም የመጨረሻውን የድምፅ ማስተካከያ፣ ብቻ ማደስ አለ። ይሄ ርካሽ ነው፤ ሚክሱ ጥሩ ከሆነ ዘፈኑ ፊቱን ታጥቦ እንደመጣ ይሆናል። እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ አምጥቶ ሚክሱን እንደ አዲስ መሥራት ደግሞ አለ። ለዚህ የተለያዩት ፋይሎች በእጅ መኖር አለባቸው፣ ብዙ ሰው ጋ ደግሞ የሉም። ሦስተኛው ስቱዲዮ ገብቶ ከዜሮ መቅዳት ነው።

የመጀመሪያውን አደርጋለሁ፣ አድርጌያለሁም። ሁለተኛውን በቂ ምክንያት ካለ አደርገዋለሁ። ሦስተኛውን አላደርገውም።

ለምን? ያኔ ስዘፍን ድምፄ የት እንደሚሰበር አላውቅም ነበር። ስለማላውቅ ዝም ብዬ እገባበት ነበር። አሁን አውቃለሁ፣ ስለዚህ ከመሰበሩ በፊት እጠመዝዘዋለሁ። አሁን የምዘፍነው ይበልጥ የተስተካከለ ነው። ያ ዘፈን ግን የተወደደው በዚያ ስብራት ነው። መድረክ ላይ አሁን ባለኝ ድምፅ እዘፍነዋለሁ፣ ማንም ቅር አይለውም። የተቀዳው ግን የዚያች ልጅ ነው። እሷን ለማረም ፈቃድ ያለኝ አይመስለኝም።

የሌሎችን ልምድ ስታዩ ነገሩ ሁለት ወገን አለው። ሙላቱ አስታጥቄ የቆዩ ሥራዎቹን በየዘመኑ ከአዳዲስ ሙዚቀኞች ጋር መልሶ ሲጫወት ኖሯል፤ የጃዝ ባሕርዩም ነው። ጃዝ ውስጥ የድሮ ሥራ መነሻ እንጂ የተዘጋ በር አይደለም። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ቴይለር ስዊፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የድሮ አልበሞቿን ከዜሮ ስትቀዳ ምክንያቷ የድምፅ ጥራት አልነበረም። ማስተሮቹ በሌላ ሰው እጅ ስለነበሩ ነው። ግጥምና ዜማው የሷ ስለሆነ መልሳ መቅዳት ችላለች። ማስተራቸው በሰው እጅ ያለ የኛ ዘፋኞች ይሄንን መንገድ ቢያስቡበት እደግፋለሁ። እኔ ግን ማስተሬ እጄ ላይ ነው።

ከኔ ሐሳብ ጋር የሚሄድ ደግሞ የኪቦርድ ተጫዋቹ የኃይሉ መርጊያ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር ይዞ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ለብዙ ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ። እ.ኤ.አ. በ2013 ያ ካሴት ጸዳ ተደርጎ እንደገና ወጣ፤ እሱም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ልብ በሉ፣ ማንም "ይሄ የከበሮ ማሽን ጊዜው አልፎበታል፣ እንቀይረው" አላለም። ቢቀይሩት ኖሮ ማን ይሰማው ነበር? የድሮ ዘፈን እንዲያርሙት ሳይሆን እንዲጠብቁት ነው የሚፈልገው ባይ ነኝ። ከዚህ በታች የምመልሳቸው የፋይልና የወረቀት ጥያቄዎች አሰልቺ ቢመስሉም ለዚህ ነው ቦታ የሰጠኋቸው።

ለማደስ ለምትፈልጉ አንድ ተግባራዊ ነገር ልንገራችሁ። እያንዳንዱ የተቀዳ ዘፈን አይ ኤስ አር ሲ የሚባል ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ አለው። ያንኑ ፋይል ዘፈን ወደ ስፖቲፋይና መሰሎቹ ወደሚያደርስ ሌላ አከፋፋይ ስታዛውሩ የድሮውን መለያ ይዛችሁ ሂዱ፤ የተሰማበት ቁጥር እንዳይጠፋ ዋናው ነገር እሱ ነው። ሚክሱ ወይም ማስተሩ ከተቀየረ ግን አዲስ መለያ ይሰጠዋል። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ የተጫነን ቪዲዮ ሊንኩንና ቪውውን ሳያጡ በሌላ መተካት አይቻልም። የሆነው ሆኗል።

ያ ዘፈን ባቲ ነው ወይስ አምባሰል? ለምን ኦቶቱን አልተጠቀምሽም?

የሚጠይቁኝ ከታች ከማነሣው የደጁ ዘፈን ስለተለየ አንድ የድሮ ዘፈን ነው። ባቲ ነው። ግራ የሚያጋባው ጊታሩ ነው።

አራቱን ቅኝቶች በዶ ሬ ሚ ብናስቀምጣቸው ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። አንቺ ሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ትዝታና ባቲ ማይነርም አላቸው። ይሄ ግን የኪቦርድ ቋንቋ ነው። ማሲንቆና የሰው ድምፅ ኪቦርዱ ከረገጠበት ቦታ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላሉ፤ በተለይ አንቺ ሆዬ ላይ። ጣዕሙም እዚያች ትንሽ ልዩነት ውስጥ ነው።

ኦቶቱን፣ የዘፋኝን ድምፅ የሚያስተካክለውን ፕሮግራም፣ ያልተጠቀምኩት ለዚህ ነው። ፕሮግራሙ ክፉ አይደለም። ለቅኝቱ ካላስተካከልከው ግን ድምፅህን አጠገቡ ወዳገኘው ቁልፍ ይጎትተዋል። አስተካክለኸውም ቢሆን አንድ ቃል ላይ ድምፅ ሲወዛወዝ እንደ ደረጃ ቆራርጦ ያስቀረዋል። የኛ አዘፋፈን ደግሞ ግማሹ ውዝዋዜው ነው። ዘመናዊ ዳንስ ላይ የተቆራረጠው ድምፅ ሊያምር ይችላል። ባቲ ላይ ግን ይቅርብኝ።

ክራሩ ራሱም ያስገድዳል። ስድስቱ ክሮች በአንድ ቅኝት ከተቃኙ ሌላ ቅኝት ለመጫወት እንደገና መቃኘት አለበት። መድረክ ላይ ከትዝታ ወደ ባቲ ስሻገር ረጅም ወሬ የማወራው ለዚህ ነው። ስለ ሕይወቴ ልነግራችሁ ጓጉቼ አይደለም፣ ክሩን እየጠመዘዝኩ ነው።

ደጅሽ የምትያት ማን ናት?

ስንኙ ይሄ ነው፦

ስምሽን ስጣራ፣ ከደጅሽ ላይ ቆሜ፣
ጎረቤትሽ ወጥቶ፣ አወቀኝ በስሜ።

ሴት ሆኜ ለሴት መዝፈኔ ብዙ ግምት አስነሥቷል። ጓደኛዬ ናት። አብረን አደግን፣ ሥራ ፍለጋ ወደ ዓረብ ሀገር ሄደች። ከሄደች በኋላም በሰፈሯ ባለፍኩ ቁጥር እግሬ እዚያ ደጅ ላይ ይቆማል። ጎረቤቱ ስሜን የሚያውቀው ከመመላለሴ ብዛት ነው። ይሄው ነው፣ ሌላ ወርቅ አልቀበርኩበትም።

አድማጭ ግን ቆፍሮ አወጣ። ዱባይና ቤይሩት ያሉ እህቶች "ቤታችንን ነው የዘፈንሽው" ብለው ጻፉልኝ። ደጁ የእናታቸው ደጅ ሆነ። አንድ ዲያቆን ደግሞ ስለ ቤተ ክርስቲያን መስሎት ነበር። አሜሪካ ያሉ ሰዎች ሀገር ናት አሉ። ማናቸውንም አላረምኩም። እንዲያውም አሁን ስዘፍነው የእናቶቹ ደጅ ነው የሚመጣልኝ።

አንቺ የምትወጂው የትኛውን ነው?

ማንም የማይጠይቀኝን። ሁለተኛው አልበም ላይ በዋሽንት ብቻ የታጀበ አጭር ዘፈን አለ። መድረክ ላይ ሳነሳው ሰው ወደ ባር ይሄዳል። አሁንም አነሳዋለሁ።

ከድሮ ዘፈኖች ገንዘብ ይገኛል?

ከኢንተርኔት የሚመጣው ብዙ አይደለም። ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተሰማ የሚለው 30 ሰከንድ ካለፈ በኋላ ነው። ለአንድ መሰማት የተቆረጠ ዋጋ የለም፤ ጠቅላላ ገቢው ነው የሚከፋፈለው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ደግሞ ባለፉት 12 ወራት ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተሰማ ዘፈን ምንም አይከፈለውም። ከድሮዎቹ ውስጥ ከዚያ በታች የሆኑ አሉኝ። አንዱ ትዝታዬ ደግሞ ማሲንቆው ብቻውን ከአንድ ደቂቃ በላይ ይሄዳል። 30 ሰከንድ ሲሞላ እኔ ገና አፌን አልከፈትኩም። አንዳንድ ወጣት አቀናባሪዎች "መግቢያውን ቁረጪው" ይሉኛል። ትዝታ ያለ መግቢያ ምን ሊሆን ነው?

እውነተኛው ገንዘብ ያለው መድረክ ላይ ነው፤ ክለብ፣ ሆቴል፣ የድርጅት ዝግጅት፣ ሰርግ። ውጭ ሀገርም ያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በሐምሌ መግቢያ አካባቢ የሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ውድድር ሰሞን ከኳሱ እኩል ኮንሰርቱ ነው የሚደምቀው። አዘጋጅ ሲደውል ደግሞ ስለ አዲሱ ዘፈን አይጠይቅም። "ያንን የደጁን ትዘፍኚዋለሽ አይደል?" ነው የሚለው። አዲሱ ዘፈን ወሬ ያመጣል። የሚያስቀጥረኝ የድሮው ነው።

ቴሌግራም ላይ ሰው ሲለጥፈው አያናድድሽም?

መለጠፉ ብዙም አያናድደኝም። የሚያናድደኝ "ያልታወቀ አርቲስት" ተብሎ መለጠፉ ነው። ስለዚህ አሁን የምልከው እያንዳንዱ ፋይል ውስጥ ስሜን፣ የግጥምና ዜማ ደራሲውን፣ የአቀናባሪውን ስም አስገባለሁ። ፋይሉ የትም ቢሄድ ስሙ አብሮት ይሄዳል።

አንድ ሰሞን ዘፈኖችሽ ከየቦታው ጠፍተው ነበር። ምን ሆነሽ ነው?

ምንም አልሆንኩም። ዘፈን ወደ ስፖቲፋይና አፕል ሙዚክ የሚያደርሱ አከፋፋዮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ጊዜ ያስከፍላሉ። ሌሎቹ በየዓመቱ ያስከፍላሉ፤ ካልተከፈለ ዘፈኑን ሊያወርዱት ይችላሉ። ኢትዮጵያ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ቀላል ስላልሆነ የሚከፍልልኝ ውጭ ያለ ዘመድ ነው። የዘመዴ ካርድ ጊዜው አለፈ፣ ማስታወሻው እሱ ወደማይከፍተው ኢሜይል ሄደ፣ ዘፈኖቹ ወረዱ። አለቀ። ለዓመታት የሚቆይ ሥራ ከሆነ አንድ ጊዜ የሚከፈልበትን እመርጣለሁ፤ መጀመሪያ ላይ ውድ ቢመስልም።

ከተመለሱ በኋላ ደግሞ ሁለት ሆኜ ተገኘሁ። ስሜ በላቲን ፊደል አንዱ ጋ በአንድ "ኤስ"፣ ሌላው ጋ በሁለት ተጽፎ ነበር። ለማሽኑ ሁለት ዘፋኞች ነን። የአማርኛ ስም ያለው ሰው ሁሉ ይሄን ያውቀዋል። ከመጀመሪያው ሥራችሁ ጀምሮ አንድ አጻጻፍ ምረጡና አትቀይሩት። የዘፈኑን ርዕስ በግዕዝ ፊደልም አስገቡ፤ ብዙ አድማጭ የሚፈልገው በአማርኛ ጽፎ ነው።

ግጥም፣ ዜማና ቅንብሩ የማን ነው? ጭቅጭቅ አልተነሣም?

የያንዳንዱ ዘፈን ዝርዝር አብሮት አለ። የሕዝብ ዜማ የሆኑትን "ዜማ፦ ሕዝብ" ብዬ ጽፌያለሁ። አንዳንዱ ሰው የሕዝብ ዜማ ላይ ሁለት ማጠፊያ ጨምሮ የራሱ ያደርገዋል፤ እኔ አልወደውም።

ስለ ሕጉ በአጭሩ፦ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ግጥምና ዜማ የደረሰ ሰው የገንዘብ መብቱ በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይጠበቃል። ለድምፃዊው፣ ለተጫዋቹና ለቀረጻው ባለቤት ደግሞ 50 ዓመት ጥበቃ አለ። በስም የመጠራትና ሥራው እንዳይበላሽበት የመቃወም መብት ደግሞ ከገንዘቡ የተለየ ነው።

ሕጉ ይሄ ሆኖ ሳለ የኛ ሙያ ግን በቃል ነው የሚሄደው። "ወንድሜ አይደል እንዴ" ይባላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ሥራው ይጀመራል። ዘፈኑ ካልተሰማ ችግር የለም። ከተሰማ ግን ከዓመታት በኋላ አንዱ "ያቺን መግቢያ እኮ እኔ ነኝ ያመጣኋት" ይላል፤ ምናልባትም እውነቱን ነው። እኔ ጋ ጭቅጭቅ ያልተነሣው ሰዎቼ መላእክት ስለሆኑ አይደለም። ስቱዲዮ ከመግባታችን በፊት አንድ ገጽ ወረቀት እንፈራረማለን። ማን ምን ሠራ፣ በአንድ ጊዜ ክፍያ ነው ወይስ በድርሻ፣ ድርሻው በመቶ ስንት ነው፣ ወደፊት ሚክሱ ቢቀየር ወይም ለማስታወቂያ ቢፈለግ ማን ይጠየቃል። ማሲንቆ ተጫዋቹ መጀመሪያ ላይ ተቀይሞኝ ነበር፤ "አታምኚኝም?" አለ። አሁን እሱም ለራሱ ሥራ ያንኑ ወረቀት ይጠቀማል።

ፋይሎችሽን እንዴት ነው የምታስቀምጪው?

ቀድሞ የሚሞተው የፕሮጀክቱ ፋይል ነው። ፕሮግራሙ ይታደሳል፣ ያኔ የተጠቀማችሁት ፕላጊን (ፕሮግራሙ ላይ የሚጨመር መሣሪያ) ይጠፋል፣ ከዓመታት በኋላ ስትከፍቱት ግማሹ ባዶ ነው። ስለዚህ ዘፈኑ እንዳለቀ እያንዳንዱን መሣሪያና ድምፅ ለየብቻ፣ ከዜሮ ሰከንድ ጀምሮ፣ በ24 ቢት ዌቭ (ድምፁ ሳይጨመቅ በሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) አወጣለሁ። ከዜሮ ከጀመሩ በየትኛውም ፕሮግራም ላይ ደርድራችሁ ማስገባት ትችላላችሁ። ኤምፒስሪ ለመላክ ነው እንጂ ለማስቀመጥ አይሆንም።

አብሮት አንድ ጽሑፍ አለ፤ ፍጥነቱ፣ ቅኝቱ፣ ክራሩ ከየት እንደተቃኘ፣ ሙሉ ግጥሙ፣ የሠሩት ሰዎች ስም፣ መለያ ቁጥሩ። የውሉም ፎቶ እዚያው ነው። ሁሉም ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አለ፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ እናቴ ቤት ከሸክላ ሰሃኖቹ ጋር። ሦስተኛው ቅጂ ኢንተርኔት ላይ ነው።

ቤታችሁ ካሴት ያላችሁም ብትሆኑ አትጠብቁ። ቴፑ ላይ ያለው ሽፋን በጊዜ ይዳከማል። ደህና ማጫወቻ ፈልጉና አሁኑኑ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት።

ለምንድን ነው ሁልጊዜ ከፋሲካ በኋላ የምታወጪው?

የጭፈራ ዘፈን ከሆነ ሌላ ጊዜ የለውም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሰርግ የለም፣ ጭፈራ ቤቱም ይቀዘቅዛል። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሰርጉ ይጎርፋል፣ ችክችካ የሚፈልግ ሰው ይበዛል። ትዝታዎቹን ግን በክረምት ነው የምለቃቸው። ሰው ቤቱ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ለማዘን ጊዜ አለው።

ዘፈንሽን ቪዲዮዬ ላይ ልጠቀም?

ለሰርጋችሁ፣ ለልደታችሁ፣ ለምርቃታችሁ ተጠቀሙ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ዩቲዩብ ላይ ስትጭኑት የባለቤትነት ማሳወቂያ ሊመጣላችሁ ይችላል። አትደንግጡ። ማሽኑ ዘፈኑን አውቆት ነው፤ ቪዲዮው ይቆያል፣ ማስታወቂያ ከተለጠፈበት ገቢው ወደ እኔ ይመጣል። ቅጣት የሚባለው ሌላ ነገር ነው። ለንግድ ማስታወቂያ፣ ለምርጫ ቅስቀሳ ወይም ለፊልም ከሆነ ግን መጀመሪያ ጠይቁኝ።

የደጁን ዘፈን ኮርድ ትሰጪናለሽ?

ትዝታ ማይነር ነው፣ ከኤ ይጀምራል፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ። ጊታር ላይ ኤ ማይነርና ኤፍ ብቻ ይዛችሁ አብዛኛውን መሄድ ትችላላችሁ፤ ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ቅኝቱ ውስጥ ናቸው። አዝማቹ ማብቂያ ላይ ወደ ኢ ስትሄዱ መሃለኛዋን ድምፅ ተዉዋት፤ ኢ እና ቢን ብቻ ምቱ። ጂ ሻርፕ ከጨመራችሁባት ዘፈኑ ወዲያው ከሰፈራችን ይወጣል። የተቀዳው ሁለተኛው ፍሬት ላይ ካፖ አድርገን ነው። ድምፃችሁ ከኔ ዝቅ የሚል ከሆነ ካፖውን አውጡት።